አሥር ያርድ

እኔ ሰንሰለት ያዥ ነኝ፤ ከነጩ መስመር ዳር እቆማለሁ፣
ኳሷን ነክቼ አላውቅም፤ አሥር ያርድ እለካለሁ።
አራት ዕድል፣ አሥር ያርድ፤ ሕጉ ይኸው ነው፤
በስንዝር የጎደለ ቀን ነው ወንድ የሚያለቅሰው።

ቤርሳቤህ የመጣች ሰሞን ይቺ የአሜሪካ ኳስ፣
ሁለት ጫፏ የሾለ፣ መንገዷ የማይታወቅ ነጥራ ስትመለስ፣
የመልሰው እናት፣ ወይዘሮ ያለምወርቅ፣ አጥሩን ይዘው አይተው፣
«ኳስ ነው ብላችሁኝ አልነበር? ሰው ነው እንዴ የሚመታው?
ጨዋታው እንዲህ ከሆነ፣ ጠቡን እንዳታሳዩኝ» ብለው
ሄዱ በአምስት ቁጥር አውቶቡስ፣ ዳግመኛ ላያዩት ምለው።
የመሐላ ጉድጓድ ነውና የከተማው ስሙ፣
ቃላቸውን ጠበቁ፤ ልጃቸው በተሰበረ ቀን እንኳ
ከሆስፒታሉ በር ነው የቆሙ።

መልሰው ያኔ ሃያ ሁለቱ፣ ከወታደርነት የተፈታ፣
ቀን ቀን የጠርሙስ ፋብሪካ፣ ሜዳ የሚወርድ ማታ።
አሰልጣኙ የጥርስ ሐኪም፣ ከኦሃዮ የመጣ ነው፤
ዕብራይስጡ እንደ ልጅ ጥርስ እዚህም እዚያም የጎደለው።
ከእኛ አንድ ቃል ለቅሞ፣ «ሩጥ!» ነበር የሚለው።
«ሩጥ፣ መልሰው!» ሲል፣ ዳር የቆምን እንስቅ ነበር፤
ምኑን? ለማን? እያልን፣ ስሙን ገልብጠን በነገር።

እሱ ግን ይሮጣል።
እንደ ሰረቃት ዳቦ ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣
ከአምስት ሰው ክንድ አምልጦ፣
ስድስተኛው ጭንቅላቱን ሲመታው፣
አፈሩን ከጥርሱ ተፍቶ፣ ይነሣል አፍጥጦ።
«ደኅና ነኝ» ይላል። ስምንት ዓመት ደኅና ነበር።
በዘጠነኛው ጉልበቱ ከዳው፤
አማርኛችን ሞኝ አይደለም፣
አቅምንም መታጠፊያንም በአንድ ስም የጠራው።

አሁን ፉጨት አንገቱ ላይ፣ ካርቶን ላይ የተሣለ ስልት፣
«ዓይንህን ከሆዱ አትንቀል፤ እግር ይዋሻል፣ ሆድ አይዋሽም»
የሚል ትምህርት፤
ሃያ ሦስት ጎረምሳ ያሠለጥናል፣ ደመወዙ የቤንዚን።
እኔ ብቻ የማውቀው ግን አለ፤
ልምምድ ሲያልቅ፣ መኪናው ፊት ቆሞ መኪናውን ሲፈልግ፣
የልጆቹን ስም መዳፉ ላይ ጽፎ፣ ሰው እንዳያይ ሲሸሽግ።
ሦስት ጊዜ ይጠይቀኛል፣ «ስንተኛው ሩብ ነው?»
ሦስቴም እመልስለታለሁ፤ ሰንሰለት ያዥ ሌላ ምን ሥራ አለው።

ባለፈው መጋቢት፣ ግማሽ ፍጻሜ፣ ከሐይፋ ከመጡት ጋር፣
ልጃችን ኤልያሳፍ ተመትቶ፣ ሰማዩ ከምድሩ ተደባልቆበት ነበር።
ተነሣ። ሣቀ። «ደኅና ነኝ» አለ።
ወደ እኔ ዞሮ፣ «ስንተኛው ሩብ ነው?» አለኝ።
ቀና ስል፣ መልሰው ሰምቷል።

ምንም ቃል ሳይናገር፣ የራስ ቁሩን ከልጁ እጅ ወሰደ፣
ከመኪናው ኋላ ቆልፎበት፣ ወደ መስመሩ ወረደ።
ያን ዕለት መኪናዋን ባንዴ አገኛት።
ልጁ ከኋላ ከኋላው፣ «መልሰው! መልሰው!»
አማርኛ የማይሰሙት፣ ስሙን የሚጠራ መሰላቸው።
ልጁም አማርኛው ጥቂት ነው፤ የትኛውን እንደጮኸ አላውቅም።

አልመለሰውም።

በአራተኛው ዕድል፣ ያለ ኤልያሳፍ፣ ወደ አሥሩ ገፋን፤
ሰንሰለቱን የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ ስንዝር ጎደለን፤ ተሸነፍን።
ከመቀመጫው ስድብ ወረደ፤ ውኃ ያለበት ጠርሙስም።
መልሰው በደኅናው ጉልበቱ ተንበርክኮ፣
የጎደለውን ሣር በጣቶቹ ለካ፤
«ይህችን ታህል?» አለኝ፤ «ርካሽ ናት ለካ።»

ልጁ አምስት ሳምንት ጠፋ። በስድስተኛው፣ ሰንበት ሲወጣ፣
እጁን ኪሱ ከትቶ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ።
መልሰው መዳፉን ገልጦ አየ፤ የተጻፈውን አነበበው፤
«ኤልያሳፍ» አለ፤ «የራስ ቁርህ መኪናዬ ውስጥ ነው።»
ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
የት እንዳቆማት ጠየቀኝ።